ስለ ግሪን ቲ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ሳቅኩ፣ የዛሬ ስምንት ዓመት እኔም እንዲሁ ነበርኩ። «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ግሪን ቲ መጠጣት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቦርጬ ንቅንቅ አላለም፣ ይመረኛል፣ ጨጓራዬንም ያቃጥለኛል። እንክብሉን ልግዛ ወይ?» ነው ያልሽው። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፦ እንክብሉን አትግዢ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ምሬቱ። የሻዩ ጥፋት አይደለም፣ አፈላልሽ ነው።

እኔ ለትምህርት ቻይና፣ ሃንግዡ ነበርኩ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ሎንግጂንግ የሚባል መንደር አለ፣ ታዋቂው ሻይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በእኛ መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ሄደን ነበር። ያ ጊዜ ለጋው ቅጠል የሚለቀምበትና ዋጋውም ሰማይ የሚነካበት ነው። አንድ ሰውዬ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሳት የመሰለ ጎድጓዳ ብረት ምጣድ ውስጥ ቅጠሉን በባዶ እጁ ይጫነዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ደግሞ ይጫነዋል። እኔም ልሞክር ብዬ ጣቴን ነካ ሳደርግ ጮህኩ፣ ሰውዬው ሳቀብኝ። ሽታው ግን! ልክ ሽምብራ ሲቆላ። አራት አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል ደርቆ አንድ ኪሎ ነው የሚወጣው፣ እንግዲህ ዋጋውን አስቢው።

ያ መቁላት ነው ግሪን ቲን ግሪን ቲ የሚያደርገው። ተክሉ እኛ ከምናውቀው ጥቁር ሻይ ጋር አንድ ነው። ጥቁሩ ቅጠል ይታሽና አየር እንዲያገኘው ይተዋል፣ ድንች ተልጦ ሲቀመጥ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። ግሪን ቲው ግን ገና ሳይጠቁር በሙቀት ያስቆሙታል። ቻይኖች ብዙውን ጊዜ በምጣድ፣ ጃፓኖች በእንፋሎት።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከተን እናንተከትከዋለን። ለጥቁር ሻይ ግሩም ነው፣ ግሪን ቲን ግን ሬት ያደርገዋል። ውሃው 80 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ከፍተሽ አምስት ደቂቃ ያህል ተይው። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ትንሽ ጨምሩበት። ከዚያ ቅጠሉ ላይ አፍስሺ፣ ሁለት ደቂቃ ቆጥረሽ አውጪው። ቅጠሉን አትጣይው፣ ሁለተኛው ውሃ ለእኔ ከመጀመሪያው ይጣፍጠኛል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ልትጨምሪበት ከሆነ ግን ቢቀርብሽ ይሻላል።

ጨጓራሽን በተመለከተ፣ በባዶ ሆድ አትጠጪው። ብዙ ሰው ላይ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻልም። ቁራሽ ዳቦ ወይ ትንሽ ቆሎ ቀምሰሽ ጠጪ። ከምሳና ከእራት ጋር ደግሞ እንዳታደርጊው፣ እኔን ያገኘኝ እዚያ ላይ ነው። ከቻይና ይዤው የመጣሁት ልማድ ነበር፣ ከምግብ ጋር ትልቅ ብርጭቆ ግሪን ቲ። ሁዳዴ ገባ፣ ሽሮና ምስር በእንጀራ፣ ከላይ ሻዩን እቸልሳለሁ። ለፋሲካ አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል። ስመረመር ሄሞግሎቢኔ 9 ሆኖ ተገኘ፣ ለሴት 12 እና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። ሐኪሟ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀችኝና ቀጥላ «ከምግብ ጋር ሻይ ትጠጫለሽ?» አለችኝ። ከጤፍ፣ ከምስርና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሻይ ይዞ ሰውነት እንዳይመጥጠው ያደርጋል፣ ጥቁሩም ቢሆን። የሥጋው ብረት ላይ ያን ያህል አይከፋም፣ በጾም ግን ሥጋ የታለ? ሻዩ ብቻውን ደሜን ጨረሰው አልልም፣ የወር አበባዬም ከባድ ነበር። ብረት እንክብል ታዘዘልኝ፣ ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ተኩል አራቅኩት፣ ምግቤ ላይ ሎሚ መጭመቅ ጀመርኩ፣ ተነሳሁ። ደም ማነስ ካለብሽ ይቺን ብቻ እንኳን ያዢ።

ቦርጩ... አዝናለሁ። በፈረንጆች 2012 ላይ ኮክሬን የሚባለው የተመራማሪዎች ስብስብ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር፣ የሚቀንሰው ክብደት ከቁም ነገር የማይገባ ሆኖ ነው የተገኘው። እኔ ያኔ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ግን በቀን ሁለት ለስላሳ መጠጥ ትቼ ሻዩን ስለተካሁበት ነው። ለልብ ይጠቅማል ለሚባለው ትንሽ ተስፋ አለ። በፈረንጆች 2006 የወጣ የጃፓን ጥናት ከ40 ሺህ በላይ ሰው ለዓመታት ተከታትሎ፣ በቀን አምስት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው አነስ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። በካንሰር ግን ልዩነት አልታየም። ደግሞ ጠጪዎቹ በሌላም ነገር ራሳቸውን የሚጠብቁ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን እንክብሉ። በሻዩ ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር እዚያ ተጨምቆ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ የብዙ ስኒ ያህሉን በአንዴ ትውጪዋለሽ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በፈረንጆች 2018 ላይ፣ ይህን ንጥረ ነገር በቀን ከ800 ሚሊ ግራም ጀምሮ በእንክብል መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በስኒ የሚጠጣው ባጠቃላይ ችግር የለበትም። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ወይም የደም ግፊቱን ናዶሎል የሚወስድ ሰው ካለ ግን ሻዩንም ቢሆን ለሐኪሙ ይንገር። ነፍሰ ጡሮችም ካፌይን እንዳለው አትርሱ፣ ከቡና ቢያንስም አለ። እኔ ከ10 ሰዓት በኋላ ከጠጣሁ ጣራ ሳይ ነው የማድረው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የገዛሽው ንጹሕ ግሪን ቲ ነው ወይስ «ማቅጠኛ ሻይ» የሚል ተጽፎበታል? ማቅጠኛ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሰና አለባቸው፣ ሆድ የሚያስቀምጠው ቅጠል። የሚቀንሱት ውሃሽን ነው እንጂ ስብሽን አይነኩም፣ ሆድሽን የሚያውክሽም እሱ ሊሆን ይችላል። የፓኬቱን ጀርባ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ።