ረጅሙ ስም የት ገባ?

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «ድራይቨሬ (ፋይል እንዲጽፍና እንዲያነብ የሠራሁት ፕሮግራም) ፍላሽ ላይ በአማርኛ የጻፈው ፋይል፣ ኮምፒውተር ላይ ስሙ አንደርስኮርና ቁጥር ሆኖ ይታያል» ሲል ጠየቀኝ። የቆየ ቁጭቴን ነካብኝ፤ ይህ ስህተት የአንዲት ባይት ጉዳይ ነው።

«የልደት ምስክር ወረቀት» የሚል የፒዲኤፍ ፋይል እንውሰድ። ክፍት ቦታው፣ ነጥቡና ቅጥያው ተቆጥሮ 18 ፊደል ነው። ፋት (ፍላሹ ፋይሎቹን የሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም) ላይ አንድ የማውጫ፣ ማለትም የፋይሎች ዝርዝር፣ መዝገብ 32 ባይት ሲሆን የረጅም ስም መዝገብ 13 ፊደል ይይዛል። ስለዚህ ለረጅሙ ስም ሁለት፣ ፋት ለዚያው ፋይል ጎን ለጎን ለሚይዘው አጭር የ11 ባይት ስም አንድ መዝገብ ይሄዳል። አቀማመጡ የኋሊት ነው፦ ዲስኩ ላይ ቀድሞ የሚገኘው «ት» ከነቅጥያው ነው፤ ተራ ቁጥሩም 66፣ ማለትም 2 ላይ የመጨረሻነት ምልክቱ 64 ተደምሮ። ከዚያ ቁጥር 1 «የልደት ምስክር ወረቀ»፣ በስተመጨረሻ አጭሩ ስም። ከቅጥያው ቀጥሎ አንድ ዜሮ ይገባል፤ የተረፉት 7 ቦታዎች በ65535 ይሞላሉ። ስሙ ልክ 13 ወይም 26 ፊደል ከሆነ ግን ዜሮ የለም፤ ዜሮ እስኪያገኝ የሚያነብ ሉፕ እዚያ ላይ አልፎ ጎረቤት መዝገብ ይገባል።

እያንዳንዱ የረጅም ስም መዝገብ የአጭሩን ስም ቼክሰም፣ ማለትም ሁለቱ ስሞች የአንድ ፋይል መሆናቸው የሚረጋገጥበትን የአንድ ባይት ድምር፣ ይሸከማል። ካልገጠመ አንባቢው ረጅሙን ትቶ አጭሩን ያሳያል፤ የጠያቂያችን አንደርስኮር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ቼክሰሙ የሚሰላው ዲስኩ ላይ ባሉት የአጭሩ ስም 11 ባይቶች ነው፦ ያለ ነጥብ፣ ከነመሙያ ክፍት ቦታው። በየዙሩ ድምሩ በአንድ ቢት ወደ ቀኝ ይዞርና ባይቱ ይደመራል። በሲ ቋንቋ ስትጽፉ ድምሩን ምልክት ባለው ቻር (አሉታዊ ቁጥርም በሚይዝ የአንድ ባይት ዓይነት) ከያዛችሁት፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ የአሉታዊነት ቢቱ አብሮ ይሳባል፤ አንዳንዱ ፋይል ይገጥማል፣ አንዳንዱ አይገጥምም። የዛሬ ልጆች ኮድ ገልብጣችሁ አንድ ፋይል ከተከፈተ በቃ ትላላችሁ፤ ይህን የሚያጋልጠው ግን ሴክተሩን (መዝገቦቹ ያሉበትን የዲስክ ቁራጭ) በባይት ዘርግቶ ማየት ብቻ ነው።

ፋይል ስትፈጥሩ ረጅሞቹን መዝገቦች አስቀድሙ፣ አጭሩን አስከትሉ። ፍላሹ መሐል ላይ ቢነቀል ባለቤት አልባ መዝገብ ይቀራል እንጂ ግማሽ ስም ያለው ፋይል አይፈጠርም። ሦስቱ መዝገቦች ሁለት ሴክተር ላይ ሊያርፉ እንደሚችሉም አትርሱ፤ 512 ባይት 16 መዝገብ ብቻ ነው የሚይዘው።

«ፀሐይ»ን እና «ጸሃይ»ን አንድ ላድርግ የሚል ፈተና ቢመጣባችሁ ተዉት፤ ለፋይል ሲስተሙ ሁለት ስሞች ናቸው። ርዝመቱን ግን ፈትሹ፦ ፋት 255 ፊደል ይፈቅዳል፣ ኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ደግሞ 255 ባይት። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ሊኑክስ ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይርበት ኮድ) 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ከ85 በላይ የአማርኛ ፊደል ያለበት ስም ፍላሹ ላይ በደህና ተቀምጦ ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ ይከለከላል።