መልስ፦ የመዝናኛ ሐይቁ ግድብ ግርጌ መርጠቡ ያሰጋል ወይ?

ወንድሜ፣ የድሮው የመዝናኛ ሐይቅ የአፈር ግድብ ግርጌው ረጥቧል፣ ዛፍም በቅሎበታል፣ ያሰጋል ወይ ብለሃል። እርጥበት ብቻውን አያስደነግጥም። የአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ ማሳለፉ ያለ ነው። ዋናው የውሃው መልክ ነው። ጥርት ያለና መጠኑ የማይለወጥ ከሆነ እየተከታተሉት ይቆያሉ። ከደፈረሰ ግን ከግድቡ ሆድ አፈር እየጠረገ ነው። ያኔ ነገ ዛሬ የለም፤ ለሚመለከተው አካል ደውል፣ ከግድቡ በታች ያሉትንም አስጠንቅቅ።

ዛፉን ራስህ እንዳትነቅለው። አፈር ውስጥ የሚቀረው ሥር ሲበሰብስ የውሃ መንገድ ይሆናል። አነቃቀሉን ባለሙያ ይወስን።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያልጠቀስከው ነገር ነው፤ የትርፍ ውሃ መውጫው። ክፍት ነው? አሜሪካ ውስጥ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ሐይቅ የሀብታሞች ክበብ መዝናኛ ነበር። ዓሣው እንዳያመልጥ ብለው መውጫው ላይ ወንፊት አደረጉበት። ሠረገላ እንዲያልፍ የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት። የውሃ ማውረጃ ቧንቧዎቹ ቀድመው ተነቅለው ስለነበር ሐይቁን ማጉደያ መላ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ከከባድ ዝናብ በኋላ ውሃው በአናቱ ፈሰሰና ግድቡ ተደረመሰ። ከግድቡ በታች ባለችው ጆንስታውን ከተማና በአካባቢዋ ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ።

ስለዚህ የግድብ መሐንዲስ ይየው። እስከዚያ ሐይቁን ላጉድል የሚል ካለ ቀስ ብሎ ይሁን፤ ውሃው በአንዴ ሲወርድ በሐይቁ በኩል ያለው አፈር ሊናድ ይችላል። የመውጫውን ፎቶ ካገኘህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እንየው።