«እስከ እኩለ ሌሊት እያነበበ 11 ከ30 አመጣ»

ጥያቄ፦ ልጄ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው። የፊዚክስ ሚድ ከ30 11 አመጣ። ሰነፍ አይደለም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ነው የሚያመሸው። አባቱ ውጤቱን ሲሰሙ «የጎረቤት ልጅ 26 አምጥቷል፤ አንተ ምን ጎደለብህ?» ብለው ጮኹበት። ከዚያ ወዲህ አብሯቸው ገበታ አይቀርብም፣ የፈተና ወረቀቱንም ደብቆታል። በዚህ ሰበብ እኔና ባለቤቴም መጋጨት ጀምረናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔን የያዘው የተደበቀው ወረቀት ነው። ከየትኛውም አጋዥ መጽሐፍና አስጠኚ በፊት የሚያስፈልገን እሱ ነውና መጀመሪያ ከተደበቀበት ይውጣ።

ከጎረቤት ልጅ ጋር የተነጻጸረ ልጅ ቀጣዩንም ውጤት አያሳይም። ይህን ለባለቤትዎ ልጁ በሌለበት ይንገሯቸው። ጩኸቱ ከስጋት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ያላስደነገጠው ወላጅ የለም። ስለዚህ «አትናገረው» ብቻ ካሏቸው ጠቡ ወደ እናንተ ይዞራል። ሥራ ይስጧቸው፤ የትኛውን እንደሆነ ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ወረቀቱን ደግሞ እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ማርኩን አውቄዋለሁ፣ ስለ እሱ አላወራም። ነጥቡ የት የት እንደሄደ አብረን እንይ።» ካሉት በኋላ ቃልዎን ይጠብቁ።

ወረቀቱ ሲወጣ በጠፉት 19 ነጥቦች ጎን ልጁ ራሱ ምክንያቱን ይጻፍ። ትምህርቱ ጭራሽ አልገባውም? ያውቀው ነበር ግን አልመጣለትም? ጊዜ አለቀበት? ወይስ ስሌቱ ላይ ሳተ? ለምሳሌ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲል የተሰጠውን ፍጥነት ወደ 20 ሜትር በሴኮንድ ሳይቀይር ቀመር ውስጥ ከከተተው ፊዚክሱን አውቆ ነጥቡን አጥቷል። መድኃኒቱ ምዕራፉን እንደገና ማንበብ ሳይሆን ከስሌት በፊት መለኪያዎቹን አንድ በአንድ መጻፍ ነው። ጭራሽ ያልገባው ካለ መምህሩን ወይም የገባው ጓደኛውን ይጠይቅ፤ ብቻውን ሌሊት ቢታገል ትርፉ ድካም ነው።

«አውቀው ነበር፣ ጠፋብኝ» የሚለው ከበዛ ግን ችግሩ ያለው አጠናኑ ላይ ነው፤ የእርስዎም ልጅ እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ደብተር ደጋግሞ ሲነበብ ጽሑፉ ዓይን ይለምደዋል፣ መልመዱም ማወቅ ይመስላል። ፈተና ላይ ደብተሩ የለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ። የሚገርመው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ነበር። ልጅዎ ማታ ላይ «ጨርሻለሁ» ሲል አይዋሽም ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት እውነትም ያውቀዋል።

ስለዚህ 25 ደቂቃ ያህል አንድ ንዑስ ርዕስ ያንብብ፣ ደብተሩን ይዝጋ፣ በባዶ ወረቀት የቀረውን ሁሉ ይጻፍ። ከዚያ ገልጦ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ይሙላ። በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ከቀዩ ብቻ ራሱን ይጠይቅ። ለፊዚክስ በመምህሩ የተሠራውን ምሳሌ መልሱን በወረቀት ሸፍኖ ይሥራው፤ ቢጣበቅ አንድ መስመር ብቻ ገልጦ ይቀጥል። ጥያቄዎችንም ከሦስት ምዕራፍ ያደባልቅ። በአንድ ርዕስ ሥር የተደረደረ መልመጃ የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም አስቀድሞ ያሳብቅለታል፤ ፈተና ግን አያሳብቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው። ባዶ ወረቀት ፊት መቀመጥ ያሳፍራል፣ ገጹም ቶሎ አይገፋም፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ወደ ሽምደዳቸው ይመለሳሉ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው ይንገሩት። የአባትም ሥራ እዚህ ነው፦ ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ «ዛሬ የያዝከውን አስረዳኝ» ብለው ማዳመጥ፣ ሲሳሳትም ሳያርሙ «ግልጥና እየው» ማለት። ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅባቸውም።

ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ድምፁን አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም። ወርክሺቱ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ጥናት ሳይጀምር ይገልብጠው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋልና ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደብተር ይዘጋ፤ የተጠናው የሚደላደለው በእንቅልፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳውን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ከሆነ ዓይኑን ያስመርምሩት። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሰው መሸሹ ከቀጠለ፣ ምግብና እንቅልፍም እምቢ ካለው፣ ወይም ስለ መሞት ካወራ ግን ስለ ጥናት ማውራቱን ትታችሁ ሳትዘገዩ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ቀጣዩ ፈተና ሲመለስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። 11 ወደ 15 ብቻ ቢያድግም «ጠፋብኝ» የተባሉት ነጥቦች ከቀነሱ መንገዱን ይዟል፤ ባለቤትዎም ያንን ወረቀት ከልጁ እጅ ተቀብለው ይዩት።