ጃማይካ ሄዳችሁ መኪና ለምትከራዩ

ብርዱ ገባ ሲል ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ጃማይካ ልንሄድ ነው። መኪና ብንከራይ ይሻላል?» አዎ፣ ተከራዩ። ግን ስንት የአገሬ ልጅ እዚያ ሄዶ ሲደናበር ስላየሁ ቀድሜ ልናገር። ቅር የሚለው ይበለው።

1. ወረቀት

ፓስፖርት፣ የምትኖሩበት አገር መንጃ ፈቃድ፣ ክሬዲት ካርድ። ብዙ የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች ለኪራይ መኪና የሚሰጡት ኢንሹራንስ ጃማይካን አይጨምርምና ቀድማችሁ ደውሉ። አለቀ።

2. ግራ

ጃማይካ የሚነዳው በግራ ነው፤ መሪው በቀኝ። «ዲሲ ስንት ዓመት ታክሲ ነድቼ ጃማይካ ምን ያቅተኛል» የምትለው ወንድሜ፣ ከሁሉም የምፈራው ላንተ ነው። ልምድ ያለው ሰው እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ፍሬቻ አበራሁ ብለህ የዝናብ መጥረጊያውን ትከፍታለህ። ፀሐይ አናት እየበሳ መጥረጊያው ደረቅ መስታወት ይፈትጋል፤ ከኋላህ ያለው ይስቃል። ይሁን፣ ይሳቅ። የሚያስፈራው ባዶ መንገድ ነው። ከነዳጅ ማደያ ስትወጣ ፊትህ የምትከተለው መኪና ከሌለ ሳይታወቅህ ቀኙን ትይዛለህ። አደባባይ ላይ ዙሩ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው፤ ቅድሚያውም ከቀኝህ ለሚመጣው።

የፍጥነት ምልክቱ በኪሎ ሜትር ነው። 50 የሚለው 30 ማይል ገደማ ነው እንጂ 50 ማይል አይደለም። በበረራ ደክማችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በጨለማ አትንዱ።

3. መኪናውና መንገዱ

ትልቅ ጂፕ ለምን? ለቲክቶክ? እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል። ከኦቾ ሪዮስ ከተማ ሽቅብ የሚወጣው የፈርን ገሊ መንገድ በዛፍና በፈርን ተክል የተሸፈነ ጠባብ ሸለቆ ነው። ቦብ ማርሌ ወደተወለደበትና ወደተቀበረበት ናይን ማይል ስትወጡ ደግሞ ይብሳል። ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጉ፤ እዚያ ስድብ አይደለም። ቀይ ሰሌዳ ያለው መኪና የሕዝብ ማመላለሻ ነው። የአዲስ አበባን ኮድ 1 ታክሲ የምታውቁ አትደነግጡም፤ ሰው ካየ ባለበት ይቆማል። ስኮርታውና ክሪኩ መኖሩን ሳታዩ ቁልፍ አትቀበሉ። የሕፃን ወንበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ከኦቾ ሪዮስ አካባቢ ወደ ዋና ከተማው ኪንግስተን በ2016 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ የተከፈተ የክፍያ መንገድ አለ። ተራራውን አቋርጦ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ያደርሳል። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረዱ፤ ማርሽ ቀንሱ።

4. ከኋላ ወንበር የተቀመጡት

እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። የኛ ሰው ከሞንቴጎ ቤይ አየር ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ አየር ማረፊያ ነው። ኪንግስተን ምን አለ ይላል። ምን የለም!

ማክስፊልድ አቬኑ ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። ምእመኑ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ ጃማይካ ተልከው ያስተማሩት ሕዝብ ነው። ቦብ ማርሌም በ1981 እ.ኤ.አ. የተሸኘው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። እዚያ አንዲት ጃማይካዊት ባልቴት አይቻለሁ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ድምፃቸው ከቀዳሹ እኩል ይወጣ ነበር። ሲያበቃ ከአሜሪካ የመጣ አንድ የኛን ልጅ «እንደምን አለህ?» አሉት። ልጁ ዞሮ አባቱን አየ። አባትየው ስልኩን አየ።

ሴትየዋ ከየት ተማሩት? አያታቸው ጎንደሬ ነበሩ? ፈልገውት ነው! እናንተ ቤት እናት አባቱ አማርኛ እየተናገሩ ልጁ «ውሃ ስጠኝ» ማለት ያቅተዋል። «ጊዜ የለንም፣ ሁለት ሥራ ነው» ትሉኛላችሁ። እኔም ስል ነበር። ዛሬ ልጆቼ አያታቸውን በቪዲዮ ሲያወሩ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ።

ታዲያ ኪራይ መኪና ውስጥ ምን ሰበብ አለ? በር ተዘግቷል፣ ቀበቶ ታስሯል፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ ይጠፋል። ታብሌቱን ሻንጣ ውስጥ ቆልፉበት። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን እንደከበበው ንገሩት። ሻሸመኔ ውስጥ ጃማይካውያን ለምን እንደሚኖሩ ንገሩት። ከዚያው ከኪንግስተን አየር ማረፊያ ወደ ከተማ የሚያስገባውን፣ ግራ ቀኙ ባሕር የሆነውን ቀጭን መንገድ እየነዳችሁ ንገሩት። በአማርኛ! ካልገባው ድገሙለት። እየተቆራረጠም ቢሆን እሱም ይመልስ፤ አትሳቁበት። ሥራም ስጡት፦ መስቀለኛ መንገድ በደረሳችሁ ቁጥር ከኋላ «አባዬ፣ ግራ!» ብሎ ይጩህ። ቋንቋውንም ይለምዳል፣ እናንተንም ከግጭት ያድናል።

እናትየው ደግሞ «ሃኒ፣ ተወው፣ ይረፍበት» አትበል።

5. መመለስ

ነዳጅ ሞልታችሁ መልሱ፤ ደረሰኙን ያዙ። ስትረከቡም ስትመልሱም መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹት፣ ጎማውንና ጣሪያውን ጨምሮ። የጭረት ክርክር የሚጀመረው አውሮፕላኑ ሊሄድ ሲል ነው።