«አድልዎ» ወይስ «ዝንፈት»፤ «እርማት» ወይስ «ማስተካከያ»?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የቡናን ጂኖች የማጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የጥናቴን አጠቃሎ በአማርኛ ስጽፍ «የብዙ ንጽጽሮች እርማት አድልዎ» ብዬ ነበር፤ አማካሪዬ በኅዳጉ ላይ «እርማቱ ለማን ነው የሚያደላው?» ብለው ጻፉበት። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ አማካሪዎ የጠየቁት ተገቢ ነው፤ «አደላ» የሚለው ግስ ፈቃድ ያለው አድራጊና የሚጠቀም ወገን ይሻልና። ዳኛ ለወዳጁ ያደላል፤ ስሌት ግን ወዳጅ የለውም። በስታቲስቲክስ «bias» ሲባል የሚታሰበው፣ ግምቱ በአማካይ ከእውነተኛው ዋጋ ወደ አንድ አቅጣጫ መራቁ ነው፤ ለዚህ «ዝንፍ አይልም» ከምንለው የተገኘውን «ዝንፈት»ን እመርጣለሁ። እዚያው ጅማ፣ ቡና በሚሸጥበት ገበያ፣ አንድ ሚዛን ከየኪሎው 50 ግራም የሚያጎድል ቢሆን፣ ያንኑ ቡና መቶ ጊዜ መልሶ መመዘን ጉድለቱን አያቃናውም። ዝንፈት ይህ ነው። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚያደርግ ሚዛን ግን ደጋግመው ቢመዝኑበት አማካዩ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ተመራማሪው የሚወደው መላምት እንዲጸና ብሎ መረጃ ቢመርጥ ግን «አድልዎ» ትክክለኛ ቃል ነው።

«እርማት»ም አይስማማኝም። የፈተና ወረቀትም ሆነ የመጽሐፍ ረቂቅ የሚታረመው ስሕተት ስለሚኖርበት ነው። 20,000 ጂኖች በሁለት ቡድኖች መካከል ልዩነት እንዳላቸው እያንዳንዳቸው በ0.05 ወሰን (ልዩነት ሳይኖር በአጋጣሚ «አለ» የመባል ዕድሉ ከመቶ 5 በሆነበት) ቢፈተኑ፣ አንዳቸውም እውነተኛ ልዩነት ባይኖራቸው እንኳ 1,000 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ልዩነት ያላቸው ይመስላሉ፤ ሆኖም የአንዱም ስሌት አልተሳሳተም፤ ጠባብ የሚደረገው ወሰኑ ነው። በቦንፌሮኒ ዘዴ 0.05 ለ20,000 ተካፍሎ ወሰኑ 0.0000025 ይሆናል፤ የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ቤንጃሚኒና ሆችበርግ በ1995 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ደግሞ ከተመረጡት ጂኖች መካከል በሐሰት የተመረጡት ድርሻ በአማካይ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ያደርጋል። ይህ ሁሉ «ማስተካከያ» ነው።

ከቃላቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የሐረግዎ አሰካክ ነው፤ ዝንፈቱን የማስተካከያው ንብረት ያደርገዋል። ጠባቡን ወሰን ለማለፍ ዕድል የሚያገኙት፣ ልዩነታቸው በአጋጣሚ ከእውነተኛው በልጦ የተለካላቸው ጂኖች ናቸው፤ ስለዚህ ባለፉት ላይ ብቻ የምናነበው ልኬት የተጋነነ ይሆናል፤ ወሰኑ በጠበበ ቁጥርም ግነቱ ይብሳል። ዝንፈቱን የወለደው ምርጫው ነው። ስለዚህ «ማስተካከያውን ባለፉ ጂኖች ላይ የሚታይ የልኬት ዝንፈት» ብለው ይጻፉ፤ ቢረዝምም ዝንፈቱ የት እንዳለ አንባቢው ያያል።