የደን ጭፍጨፋን ከሳተላይት ምስል እስከ ምርቱ ገዢ ኩባንያ መከታተል፤ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጀት የለኝም። ምስል ከየት ላግኝ?

ዋና ዋናዎቹ በነፃ ይገኛሉ። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የምስል ክምችት እስከ እ.ኤ.አ. 1972 ወደኋላ ይወስድዎታል፤ ከ2008 ወዲህም ያለ ክፍያ ክፍት ነው። የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል 2 ደግሞ በ10 ሜትር ጥራት፣ በየአምስት ቀኑ ገደማ አዲስ ምስል ያመጣል።

ጥያቄ፦ የማጠናው አካባቢ ደመና አይለየውም።

ወደ ሴንቲኔል 1 ይዙሩ። ራዳር ስለሆነ ደመናም ጨለማም አያግደውም። ምስሉ ግን ፎቶግራፍ አይደለም፤ ማንበቡ ልምድ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ግሎባል ፎረስት ዎች በተባለው የደን ካርታ ድረ ገጽ ላይ ሰፊ ቦታ ቀልቶ አየሁ። «ደን ተጨፈጨፈ» ብዬ ልጻፍ?

አይቸኩሉ። እዚያ የሚታየው የዛፍ ሽፋን መቀነስ ነው። ሰው ተክሎ ያደረሰውን ባሕር ዛፍ ሲቆርጥም፣ ሰደድ እሳት ሲያልፍበትም ካርታው ይቀላል። የዓመታቱን ምስሎች ወደኋላ ይመልከቱ፤ ያው ቦታ በየጊዜው እየተራቆተ መልሶ የሚለመልም ከሆነ የተተከለ ዛፍ ሳይሆን አይቀርም። ቅርጹም ይናገራል። በብራዚል ሮንዶኒያ ግዛት ምንጣሮው ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ እየተቀጠለ ስለሚገባ ከላይ ሲታይ የዓሣ አጥንት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ቦታውን አረጋገጥኩ። ከገዢው ጋር በምን ላገናኘው?

ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሳተላይት የትና መቼ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ማን እንደመነጠረና ለማን እንደሸጠ የሚያወጣው ወረቀት ነው። ስለዚህ ምርቱ የግድ የሚያልፍበትን ጠባብ በር ይፈልጉ። ለምሳሌ የፓልም ዘይት የሚወጣበት ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ዘይቱ ጥራቱን ያጣል፤ በዚህ ምክንያት እርሻው ከመጭመቂያ ፋብሪካው ብዙ ሊርቅ አይችልም። ትልልቅ ገዢዎች ደግሞ ዘይት የሚያገኙባቸውን ፋብሪካዎች ዝርዝር ያወጣሉ። ሁለቱን ሲያገናኙ ተጠርጣሪዎቹ ይቀንሳሉ። ይሁን እንጂ ቅርበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፍሬው ከዚያ እርሻ ወደዚያ ፋብሪካ መግባቱን የሚያሳይ የርክክብ ሰነድ ወይም የዓይን ምስክር ያስፈልጋል።

የከብት ጉዳይ ይብሳል። በብራዚል ጥጃው በተመነጠረ መሬት ላይ ተወልዶ በሌላ፣ ሕጋዊ በሆነ እርባታ ሊደልብ ይችላል። ቄራው የመጨረሻውን ሻጭ ብቻ ካጣራ ሁሉም ንጹሕ ይመስላል። መካከሉን የሚገልጠው የእንስሳት ማጓጓዣ ፈቃዱ ነው። በአገሪቱ የገጠር መሬት መዝገብ ላይ ያለውን ድንበርም እንደ ባለቤትነት ማረጋገጫ አይውሰዱት፤ ያስመዘገበው ራሱ ባለይዞታው ነው።

ጥያቄ፦ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ምርትን የሚከለክለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይረዳኛል?

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሕግ ከብትን፣ ካካዎን፣ ቡናን፣ የፓልም ዘይትን፣ ጎማን፣ አኩሪ አተርንና እንጨትን ይመለከታል። መቁረጫ ቀኑ፣ ማለትም ከዚያ በኋላ ደን የተመነጠረበት መሬት ምርት የሚከለከልበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው፤ ያንን ቀን የምስል ማነጻጸሪያዎ ያድርጉት። ከከብት በስተቀር ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ሙሉ ድንበር ይጠየቃል፤ ከዚያ በታች ቦታውን የምታመለክት አንዲት የካርታ ነጥብ ትበቃለች። ነጥብን የትም ማሳረፍ ስለሚቻል እኔ ብዙም አላምናትም።

ጥያቄ፦ ኩባንያውን መቼ ላነጋግር?

ከማተምዎ በፊት፣ የቦታውን መጋጠሚያ (ኬክሮስና ኬንትሮስ) እና የምስሎቹን ቀን ይዘው። «ከዚያ አቅራቢ መግዛት አቁመናል» የሚል መልስ የተለመደ ነው። ከስንት ቀን ጀምሮ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁና ከምስሉ ቀን ጋር ያስተያዩት።