ኪሴ ውስጥ የቀረው ደረሰኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አዳማ ያለው ሱቄ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አራት ጓደኛሞች የየራሳችን የህንፃ መሣሪያ ሱቅ አለን። ዕቃ አብረን ብንገዛስ?» አለኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ይህንኑ ጥያቄ በ1998 ዓ.ም. ተጠይቄ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ያኔ የፍጥነት መንገዱ አልነበረም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን መርካቶ እንወርዳለን፣ ከአንዱ ጅምላ ሻጭ ሚስማርና ቆርቆሮ እንገዛለን፣ ከዚያ እያንዳንዳችን ግማሹ ባዶ የሆነ አይሱዙ ተከራይተን በሞጆ በኩል የከባድ መኪና ጭስ እየዋጥን እንመለሳለን። ሙሉ ኪራይ ለግማሽ ጭነት!

አንድ ባልንጀራዬ አምስታችንን ሱቁ ሰበሰበን። የሚስማር ካርቶን ላይ ተቀምጠን ቡና ጠጣን። «የዚህን ወር ደረሰኛችንን እናውጣና ዋጋ እንተያይ፤ ከዚያ በአንድ ስም እንገዛለን» አለ። የእሱ ደረሰኝ እጁ ላይ ነበር፣ እንደታጠፈ። ከጎኑ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ ተራው ከእኔ ጀመረ። የሸሚዜን ኪስ ዳበስኩና «ቤት ረስቼዋለሁ» አልኩ። ሌሎቹም ተያዩና «እኛም አልያዝንም» አሉ። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ የካርቦኑ ሰማያዊ ቀለም በላቤ ደረቴ ላይ ታትሟል።

የደበቅኩት ጅምላ ሻጩ «ይቺ ዋጋ ላንተ ብቻ ናት፣ ለማንም እንዳትነግር» ብሎኝ ስለነበር ነው። ለሚስቴ ግን ሌላ ምክንያት ሰጠኋት፤ ማኅበር ሲባል የደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ትዝ ይለኛል አልኳት። እውነትም ትዝ ይለኛል። እናቴ ኩፖን አስይዛ ለስኳር ትልከኛለች፣ ተራዬ ሲደርስ ስኳሩ አልቋል፣ ባዶ ከረጢቴን አጣጥፌ እመለሳለሁ። ግን ያ ከላይ የታዘዘ ነበር፤ ባልንጀራዬ ያሰበው ባለሱቆቹ ራሳቸው የሚያዙበትን ነው።

በኋላ ሳነብ አሜሪካኖቹ ይህን ከጀመሩት እንደቆዩ አየሁ። በ1924 እንደ ፈረንጆች ቺካጎ የተመሠረተው የህንፃ መሣሪያ ጅምላ ሻጭ ኤስ ሃርድዌር በ1976 የባለሱቆቹ ሆነ። ባለሱቁ የጅምላው ባለቤት ነው፤ ትርፉም ለየአንዳንዱ በገዛው መጠን ይመለሳል። ሁሉም ግን አልሰመረለትም። ትሩ ቫሊዩ የሚባለው ሌላው የባለሱቆች ማኅበር አብላጫ ድርሻውን በፈረንጆቹ 2018 ለኢንቨስተር ሸጦ፣ በ2024 የኪሳራ መዝገብ ከፈተ። እሱን የገዛው ዱ ኢት ቤስት ደግሞ የባለሱቆች ማኅበር ነው።

እናንተ የዛሬ ልጆች የምትሸጡበትን ዋጋ በቴሌግራም ትለጥፋላችሁ፣ የዱቤ ደብተር ግን አትይዙም። ደብተር ያዙ የምላችሁ እኔም ብሆን የገዛሁበትን ዋጋ ለጎረቤት ዛሬም አልናገርም። አመል ነው።

ባልንጀራዬ በእኛ 2009 ዓ.ም. ሱቁን ሲዘጋ የተረፈውን ዕቃ እኔ ገዛሁት። ከመሳቢያው የወረቀት ክምር ውስጥ ያቺ የታጠፈች ደረሰኝ ወጣች። ያው ጅምላ ሻጭ፣ ያው ሳምንት። ሚስማሩ ከእኔ በኪሎ 60 ሳንቲም ይረክሳል፣ ባለ 32 ጌጁ ቆርቆሮ በቅጠል 3 ብር። ከሁለታችን ርካሽ ዋጋ የነበረው እሱ ነበር፤ እናሳይ ያለውም እሱ።

ለወጣቱ፣ «ጓደኞችህን ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሃቸው ና፤ ደረሰኛችሁንም» አልኩት። የእኔንም አወጣለሁ ብዬዋለሁ።